በሁለት አውቶቡስ ላይ የተጫነ ጓዝ

አስተማሪ ነኝ። አንድ ቀን ስለ መጓጓዣ ሳስተምር፣ በውጭ አገር በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ሦስት ድርጅቶች የየራሳቸውን ባቡር እንደሚያስኬዱ፣ ተሳፋሪውም የወደደውን መርጦ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። ክፍሉ ሳቀ። "ቲቸር፣ ታዲያ ሰዉ በየትኛው ይሄዳል?" አለችኝ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ። "በፈጣኑ ነዋ!" አሏት ሌሎቹ። እኔ ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ እኛ አገር፣ መንዝ፣ ባቡር በመጽሐፍ ሥዕል ካልሆነ የለም። ጥያቄው ግን የራሴ ጥያቄ ነበር። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ከመጡ ሰው በየትኛው ይሄዳል? በዚህ ጥያቄ የተነሳ ስንት ነገር እንደተበላሸ ብነግራቸው የሚያምኑኝ አይመስለኝም።

ያደግሁት ሞላሌ ነው። ከሞላሌ ደብረ ብርሃን የሚያደርሰው መንገድ አንድ ነው። በልጅነቴ ጠጠሩ ተጠርጎ አልቆ የቀረው ድንጋዩ ነበር። ክረምት ጭቃው ጎማ ይውጣል፣ በጋ አቧራው ዓይን ያጠፋል፣ ጣርማ በር ደርሶ አስፋልት እስኪረገጥ ድረስ የሰው አንጀት ይላቀቃል። በዚያ መንገድ የሚመላለሰው አውቶቡስም አንድ ብቻ ነበር፤ ባለቤቱም ሾፌሩም አንድ ሰው ናቸው። መርሐቤቴ ተወልደው በጋብቻ ወደ እኛ አገር የመጡ፣ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና ሰው። ሚስታቸው የክርስትና እናቴ ነበሩ፤ በሰማንያ ቀኔ ታቅፈው ያስጠመቁኝ እሳቸው ናቸው። ነፍስ ሳላውቅ ስላረፉ መልካቸው ትዝ አይለኝም። አበልጅነቱ ግን ቀጠለ። አባቴና ሾፌሩ "አበልጅ፣ አበልጅ" እየተባባሉ ከወንድማማች በላይ ኖሩ። እኔ "ጋሼ" ነበር የምላቸው።

አውቶቡሷን የከተማው ሰው "አሮጊቷ" ይላታል። ወይ አሮጊቷ! ዳገት ላይ ስታቃስት ሰዉ ሁሉ አብሯት ያቃስታል። "አይዞሽ እናቴ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ" የሚሏት ሴቶች ነበሩ፣ እውነቴን ነው። ሞተሯ ሲግል ተሳፋሪው ወርዶ ሣሩ ላይ ይቀመጣል፣ ስንቅ ይፈታል፣ የማይተዋወቀው ይተዋወቃል። ደግሞ ጋሼ መንገድ ዳር የለቅሶ ድንኳን ካዩ ፍሬን ይይዛሉ። "ለቅሶ አለ፣ ውረዱ" ይላሉ። ሟቹን የሚያውቅም የማያውቅም ወርዶ፣ "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" ብሎ፣ ጥቂት ተቀምጦ ይመለሳል። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ "እኔ ስብሰባ አለብኝ፤ የማላውቀው ሰው ለቅሶ ምን አገባኝ?" ቢላቸው፣ ዞር ብለው አዩትና፣ "አንተም ትሞታለህ እኮ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በመስኮት እያየ ይለፍህ?" አሉት። እሱም ወረደ። በዚህ ዓይነት ማለዳ የተነሳችው አሮጊቷ ደብረ ብርሃን የምትገባው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነበር። ማንም አያማርርም። ሌላ መኪና መች አይተን እናውቅና!

ከዚያ "ሙሽራው" መጣ። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ "ነፃ ገበያ" የሚባለው ቃል በየሬዲዮው ሲደጋገም የነበረበት ጊዜ። በአንድ የገበያ ቀን ቀይና ቢጫ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ፣ መስተዋቱ ላይ ሪባን የታሰረበት አውቶቡስ ሰው መሐል ገብቶ ክላክሱን አንባረቀው። በጎች ደነገጡ፣ ሴቶች እንቁላላቸውን አቀፉ። ሾፌሩ ቀየት ከሚባለው የመንዝ አገር የመጣ ልጅ ነው፤ ጥቁር መነጽር ያደርጋል፣ ቴፕ ከፍቶ ይነዳል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ "ቁርስ እዚህ፣ ምሳ ደብረ ብርሃን!" እያለ ይጮኻል። ስም የሚያወጣ ሰው አይጠፋምና ወዲያው "ሙሽራው" ተባለ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ጋሼ መሐል መንገዱን ይዘው አያሳልፉትም፤ እሱ ከኋላ ሆኖ ክላክሱን ያስጮኻል። ቀድሞ ካለፈ ደግሞ በየመንገዱ ዳር የቆመውን ተሳፋሪ ለቅሞ ይጨርሳል። ረዳቶቹማ አይነሱ። አንዲትን ሴትዮ አንዱ በዘንቢሏ፣ አንዱ በክንዷ ይዘው ሲጓተቱ፣ "ኧረ ልቀቁኝ! የትም አልሄድም፣ ጨው ልገዛ ነው የመጣሁት!" ስትል በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሼ ለቀየቱ ሾፌር "ያንተ መኪና ሰው አይጭንም፣ ያፍሳል እንጂ" ይሉታል። እሱም ሳቅ ብሎ፣ "ነፃ ገበያ ነው፣ አባቴ" ይላቸዋል። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። "የማን ናችሁ?" ከተባለ የሚጠየቀው ስለ አውቶቡስ ነው። የሙሽራው የሆነ ቤት አለ፣ የአሮጊቷ የሆነ ቤት አለ። የእኛ ቤት የአሮጊቷ ነበር፤ ለጥያቄም አይቀርብም።

አባቴ ባና ሠሪ ነበር። የመንዝን ብርድ የቀመሰ ሰው ባና ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ከባድ ብርድ ልብስ ነው። እኔ ትንሽ ሳለሁ የቤታችንን ክዳን ሲጠግን ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ጋሼ ያን ቀን አሮጊቷን ያለ ተሳፋሪ አስነስተው፣ ለቅሶም ሳያቆማቸው፣ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አደረሱት። እስኪድን ድረስ በተመላለሱ ቁጥር እናቴ የሰጠቻቸውን ምግብ ይዘው አልጋው ድረስ ይሄዱ ነበር። "እኔ የምራመደው በአበልጅ እግር ነው" ይል ነበር አባቴ። ሙሽራው ከመጣ ወዲህ አንድም ቀን አልወጣበትም። እናቴ ግን ደብረ ብርሃን ደርሳ በተመለሰች ቁጥር ወገቧን እያሸች፣ "አበልጅነቱስ ጥሩ ነበር፣ ይቺ መኪና ግን ገደለችኝ" ትለኛለች፣ ቀስ ብላ፣ እሱ ሳይሰማ።

እንግዲህ አንድ ወግ አለ። በእኛ አገር ማለዳ የሚሳፈር ሰው ከዋዜማው ጓዙን አውቶቡሱ ጣሪያ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ያስጭናል። ጓዙ ከተጫነ በኋላ ሁለቱም ታስረዋል። አውቶቡሱ ባለጓዙን ጥሎ አይሄድም፤ ባለጓዙም ያን አውቶቡስ ትቶ በሌላ አይሄድም። ቲኬት ይጠፋል፣ ዝናብ ያበሰብሰዋል። የተጫነ ጓዝ ግን የተሰጠ ቃል ነበር። ከተጫነ በኋላ ማስወረድ ትልቅ ነውር ነው፤ ሾፌሩን በአደባባይ "አላምንህም" ማለት ነው። በልጅነቴ ጓዙን አስወርዶ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው አንድ ብቻ አውቃለሁ፤ እሱም ከዚያ በኋላ በመናኸሪያው በኩል ማለፍ አፍሮ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ይዞር ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ደብረ ብርሃን የመምህራን ማሰልጠኛ ደረሰኝ። በአባቴም በእናቴም ወገን ተምራ ደመወዝ የበላች ሴት አልነበረችም። አባቴ ደስታው ልክ አጣ፤ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ፣ "አስተማሪ ልትሆን ነው" ይላል። ምዝገባው የሚያበቃው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ያን ሰዓት ያለፈ ሰው ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። እኔን ደግሞ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ የላከብኝ ሰው ነበር፤ አባቴ "ትማር" ብሎ መልሷቸዋል። ካለፈኝ ሦስተኛ ጊዜ መምጣታቸው የታወቀ ነው፤ ያን ጊዜ ምን ተብሎ ይመለሳሉ?

ሰኞ ልሄድ ተዘጋጅቼ ነበር። የመስከረም ዝናብ ግን እንደ ሐምሌ ሆኖ ወረደ። መንገዱ ተዘጋ። ሁለቱም መኪኖች መናኸሪያው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ሾፌሮቹም አንድ ቆርቆሮ ሥር ተጠልለው፣ ፊት ላለመተያየት አንዱ ወደ ገበያው፣ አንዱ ወደ ተራራው ዞሮ ይቀመጣል። ማክሰኞ ዘነበ። ረቡዕ ዘነበ። እኔ እህል አልበላም ብዬ ደጅ ደጁን አያለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አባራና "ነገ ማለዳ ይወጣሉ" ተባለ። የቀረኝ አንድ ቀን ነው።

ያን ዕለት አባቴ አልጋዬን፣ ፍራሼንና በእጁ የሠራልኝን ባና፣ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ፣ አሮጊቷ ላይ አስጫነ። እናቴ ደግሞ ስንቄን፣ በሶውንና ቆሎውን፣ በጆንያ አድርጋ ሙሽራው ላይ አስጫነች። እሱ ለእሷ አልነገራት፤ በየትኛው እንደምሄድ ምን ይነገራል? እሷም ለእሱ አልነገረችውም። እኔ ጓዜ ሁሉ ከቤት መውጣቱን አየሁና አንድ ላይ የተጫነ መሰለኝ። እናቴ ኋላ ስትጠየቅ፣ "አልጋዋ አሮጊቷ ላይ መጫኑን አላወቅሁም፣ ማርያምን!" ብላለች። እስከ ዛሬ አላምናትም።

ዓርብ ማለዳ መናኸሪያ ስንደርስ ሁለቱም ሞተር አስነስተዋል። ወደ አሮጊቷ እግሬን ሳነሳ የሙሽራው ረዳት፣ "ወዴት ነው? እሷ የእኛ ናት! ስንቋ እኛ ጋ ነው!" ብሎ ጮኸ። የአሮጊቷ ረዳት፣ "አልጋዋ እኛ ጋ ነው!" አለ። አባቴ ቀስ ብሎ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጉድ ፈላ።

ቀላል ነገር ይመስላል፤ አንዱን ማውረድ ነው። ማን ያውርድ? አባቴ የቀየቱን ሾፌር፣ "ጆንያውን አውርድልኝ" አለው። ልጁ መነጽሩን አወለቀ። "አባቴ፣ እናት በእጇ የሰጠችኝን ስንቅ ከጣሪያዬ አውርጄ ጭቃ ላይ አላስቀምጥም። ይሄማ ነውር ነው" አለ። ዘመናዊ ነኝ ሲል የከረመው፣ መንዜነቱ ያን ቀን ተነሳበት! ጋሼ ደግሞ ከመሪያቸው ንቅንቅ አላሉም። በመስኮት፣ "እኔ ልጄን ከመኪናዬ የማወርድ ሰው አይደለሁም። ጓዟ ተጭኗል። ትውጣና እንሂድ" አሉ።

የሁለቱም ጣሪያ ላይ የእኔ ጓዝ ስላለ ሁለቱም መሄድ አይችሉም። ይዘው ቢሄዱ ሌብነት ነው፣ አውርደው ቢሄዱ ነውር ነው። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ፣ አዲሱ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ። ከየመስኮቱ ራስ ብቅ ብቅ አለ።

"ኧረ ልጅቷን አሳፍሩና እንሂድ!"

"የትኛው ላይ?"

"የአበልጇ ላይ ነዋ!"

"በአሮጊቷ ሄዳ መች ልትደርስ? ለከርሞ?"

"አንተ አፍህን ያዝ! ስትታመም ማን ነበር ያደረሰህ?"

ሽማግሌ ገባ። አልቀለድኩም፤ ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሁለት አውቶቡስ ጠብ ሊያበርዱ ሸንጎ ያዙ። አንደኛው፣ "አልጋዋ በአሮጊቷ፣ እሷ በሙሽራው ትሂድ" አሉ። ሌላው፣ "ምን ዓይነት ነገር ነው? ሴት ልጅ ያለ አልጋ የሰው አገር ትግባ?" ብለው ተቆጡ። ቄሱ ዓርብ ጾም መሆኑን አስታውሰው፣ "ስንቁስ ዛሬ አያስቸኩልም" አሉ። ሦስተኛው ዕጣ ይጣል ሲሉ፣ ዕጣ ለመኪና አይጣልም ተባለ። ሁሉም በተራ ተናገረ፤ የተናገረው ደግሞ ተደገመ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያን ቀን ግን ፀሐይዋን አያለሁ፤ ከፍ ትላለች። እንደገና አያለሁ፤ ከፍ ብላለች። መጨረሻ ላይ አልቻልኩም፣ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ።

"አባዬ፣ አለፈኝ እኮ!"

አባቴ ሰዓት ያሰረ ሰው ፈልጎ ጠየቀ። "አራት ሊሆን ነው" አሉት። ሽማግሌዎቹን ትቶ ወደ አሮጊቷ መስኮት ሄደ።

"አበልጅ።"

"አቤት።"

"በዚች መኪና በአሥራ አንድ ሰዓት ትደርሳለች?"

ጋሼ ውሸት አያውቁም። "የእግዚአብሔር ፈቃድ ከሆነ" አሉ።

"እሱን አይደለም የጠየቅሁህ" አለ አባቴ። "ትደርሳለች?"

ጋሼ መሪውን እያዩ ዝም አሉ። አባቴ ከኋላ ዞሮ በመሰላሉ፣ በዚያ ደህና ባልገጠመው እግሩ፣ ወደ ጣሪያው ወጣ። ማንም አላገዘውም፤ ማገዝ ነውሩን መካፈል ነውና። ቋጠሮው በዝናብ ጠብቆ እምቢ ቢለው በጥርሱ ፈታው። ጥቅሉን በጀርባው ተሸክሞ ወረደና ወደ ሙሽራው ሄደ። በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለው አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። የአባቴን አንገት እንደዚያ ተሰብሮ አይቼው አላውቅም።

የባሰው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከአሮጊቷ አንዲት ሴትዮ ዘንቢሏን ይዛ ወረደች። "ባና ሠሪው ካወረደ እኔማ ምን ቀረኝ?" አለች። ሁለት ሰዎች ተከተሏት። ከዚያ ሁሉም እየተግተለተለ ወርዶ ወደ ሙሽራው ገባ፤ የተረፈው ቆመ። እስከዚያ ቀን በይሉኝታ የሄዱ ሁሉ፣ አባቴ መንገዱን ሲከፍትላቸው ሲጠብቁ ኖረዋል ማለት ነው። ጋሼ ሞተሩን አጠፉ። እኔ በመስኮታቸው ሥር ሳልፍ፣ "ጋሼ" አልኳቸው። ፊት ለፊት እያዩ ቀሩ፣ ወደ እኔ አልዞሩም። ተቀየሙኝ አልኩ። ልቤ ለሁለት ተሰንጥቆ ሙሽራው ላይ ወጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ደብረ ብርሃን ደረስኩ። እየሮጥኩ ሄጄ ተመዘገብኩ። መዝጋቢዋ ሴትዮ፣ "ጭቃ ውስጥ ነው እንዴ ያደርሽው?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ እንደገና አለቀስኩ። ከደስታው ይሁን ከሌላው አላውቅም።

ጋሼ በሳምንታቸው አሮጊቷን ይዘው ሞላሌን ለቀቁ። ወደ ተወለዱበት፣ ወደ መርሐቤቴ ተመልሰው በዓለም ከተማ መስመር መሥራት ጀመሩ ተባለ። ማንንም አልተሰናበቱም። ከመንዝ ዳር ቆሞ ላየ መርሐቤቴ ቅርብ ይመስላል፤ ግን መሐሉ ገደል ነው፣ በመኪና ደግሞ ዞሮ ዞሮ ነው የሚደረሰው። ወሬ የሚያመላልስ ሰው አልነበረም። ስልክም ያን ጊዜ እንደ ዛሬ በየኪሱ አልነበረም።

አባቴ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም። ሲሠራ ቆይቶ ድንገት እጁን ያቆምና፣ "አወረድኩበት እኮ" ይላል። "ደብዳቤ ልጻፍልህ" እለዋለሁ፣ ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር። "ምን ብለሽ? ቃሌን በላሁ ብለሽ? በምን ዓይኔ አየዋለሁ!" ይለኛል። አስተማሪ ሆኜ የመጀመሪያ ደመወዜን ይዤ ስመጣ እንኳ፣ መርቆኝ ሲያበቃ፣ "ለአበልጅ ማን በነገረው" አለና ዓይኑን አሻሸ። ሄጄ መንገር ነበረብኝ። እኔም ፈራሁ፤ ያ ያልዞረው ፊታቸው ይመጣብኛል። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ።

ሙሽራው ብቻውን ቀረ። ቶሎ ያደርሳል፣ አይካድም። ለቅሶ ቤት ጋ ግን አይቆምም። ድንኳን ስናልፍ አንዳንድ አሮጊቶች ከወንበራቸው ብድግ ብለው በመስኮት ያማትባሉ፣ ከዚያ ይቀመጣሉ። የአሮጊቷን ማቃሰት፣ ሣር ላይ ቁጭ ብለን የተካፈልነውን ቆሎ፣ የጋሼን ድምፅ ስንቴ ናፈቅሁ! በፍጥነቱ የተጠቀምኩት እኔው፣ ያማረረኝም እኔው። ሰው ስንባል እንዲህ ነን።

አባቴ አረፈ። በአጭር ሕመም ነው። ለአበልጁ መርዶ ይነገር ሲባል፣ "የት ተገኝተው፣ ማን ይሂድ፣ ደግሞስ ተቀይመው የሄዱ ሰው" ተባባልንና ቀረ። ጥቁር ልብሴን ካወለቅሁ ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ ለአንድ ሥልጠና ዓለም ከተማ እንድሄድ ታዘዝኩ።

አዲስ አበባ መናኸሪያ ስገባ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄዱ ሁለት አውቶቡሶች ተፋጠዋል። ረዳቶቹ አንዱ በቦርሳዬ፣ አንዱ በክንዴ ያዙኝ። ያኔ አንድ ጎርናና ድምፅ፣ "ልቀቃት አንተ፣ የወደደችው ላይ ትውጣ" አለ። ክው አልኩ። ቀና ስል ጋሼ ናቸው፤ ጠጉራቸው ነጥቷል፣ ትከሻቸው ጎብጧል። ትንሽ ትክ ብለው አዩኝና፣ "የአበልጅ ልጅ!" ብለው ወርደው እያገላበጡ ሳሙኝ። ጋቢና፣ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። አሮጊቷ ተሸጣለች፤ የሚነዱት የሰው መኪና ነው። ተሳፋሪ እያስገቡ፣ መንገድ ላይም እየነዱ፣ ስለ ሞላሌ ጠየቁኝ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ እናቴ፣ ሌላው ቀርቶ ስለ ቀየቱ ልጅ። ስለ አባቴ ብቻ አንድም ቃል አልጠየቁኝም። ሰምተዋል ማለት ነው፣ ተሳፋሪ ፊት ላለማስለቀስ ነው አልኩ። እኔም አላነሳሁም።

ለሚን አልፈን ወደ ዠማ ወንዝ መውረድ ጀመርን። ያ ቁልቁለት የሚያስፈራ ነው፤ በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በአንድ ወገን ገደል። ማርሽ ቀነሱና ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉኝ። "ያን ቀን ደረስሽ?"

"የት ጋሼ?"

"ምዝገባው።"

"ደርሻለሁ እንጂ! አስተማሪ ነኝ እኮ፣ አሁንም ለሥራ ነው የምሄደው።"

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "ተመስገን። ተመስገን አምላኬ። እኔ ያን ሁሉ ሰዓት አቃጥዬብሽ ያለፈሽ መስሎኝ ነው የኖርኩት። ደርሳ ቢሆን አበልጅ ወሬ ሳይልክልኝ አይቀርም ነበር አልኩ። ማለዳውኑ 'አላደርሳትም፣ በዚያኛው ትሂድ' ብል ምን ነበረበት? ኩራት አፌን ያዘው። የልጁን ዕድል አበላሽቼ በምን ፊቴ ጎረቤቱ እኖራለሁ ብዬ ነው አገር ጥዬ የወጣሁት።"

"ኧረ ጋሼ! እሱ እኮ እርስዎ የተቀየሙት መስሎት ነው! 'ጓዝ አወረድኩበት፣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ' እያለ ነው የኖረው።"

"እኔ? አበልጅን ልቀየም?" ሳቁ። እንደ ድሮው፣ መኪናው እስኪሞላ ሳቁ። "አይ ሁለት ሞኞች! አይ ሁለት ሽማግሌ ሞኞች!" በመዳፋቸው እንባቸውን ጠረጉ። ከኋላ ያለው ተሳፋሪ ምን ተገኘ ብሎ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ ፊታቸው በርቶ፣ "ደህና ነው ግን አበልጅ? እግሩን አላመመውም?" አሉኝ።

መርዶ ማለዳ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ቤት ተሄዶ ነው የሚነገረው። መኪና ላይ አይነገርም፤ ያውም ገደል አፋፍ ላይ ስድሳ ነፍስ ይዞ መሪ ለጨበጠ ሰው። ዓለም ከተማ የማውቀው ሰው የለኝም፤ ነገ ማንን ሽማግሌ ብዬ እንደምይዝ እያሰብኩ፣

"ደህና ነው" አልኩ።

"እሰይ! ለፋሲካ እመጣለሁ፣ በግ ይዤ፣ ደጁ ላይ ቆሜ 'አበልጅ' ብዬ ነው የምጣራ። እስከዚያ ሰላም በይልኝ። ልጄ እንዳትረሺ፣ ሰላም በይልኝ።"

"እሺ ጋሼ" አልኳቸው። "እላለሁ።"